ያላሳደርኩት ቃል

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ጋቢ አለበሰኝ። በዚህ በሸዋ ሮቢት ሙቀት ጋቢ! ንግግር ያደረጉት አለቃ «ስንቱን ወጣት ኮትኩተው ለዳኝነት ወንበር ያበቁ አባት» ሲሉኝ አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም ላቤ በጀርባዬ እየወረደ፣ አንገቴን ደፍቼ ምርቃቱን ተቀበልኩ። ለወንበር ሳትበቃ ያስቀረኋት አንዲት ልጅ ትዝ ብላኝ ነበር፤ እንደ ልማዴ ቶሎ ብዬ ከሐሳቤ አስወጣኋት። እሷ ብቻ ብትሆን በደሌ ቀላል ነበር። የቀረውን ያወቅኩት ጋቢውን ሳጥን ውስጥ ከከተትኩ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው።

ይህን የምጽፈው ልመጻደቅ ብዬ አይደለም፤ የሚያስመጻድቅ ነገርም የለበትም። የሰዎቹን ስም፣ የተጣሉበትን ምክንያት፣ የዝምድናውን ዓይነት ሁሉ ለዋውጫለሁ። ነገሩ የደረሰበትን ፍርድ ቤትም አልጠራም። በይፋት ቆላ ካሉት አንዱ ነው፤ ይኸው ይበቃል።

ሥራ የጀመርኩት ማጀቴ ከተማ፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። አቧራ ስበላ፣ ዶሴ በገመድ ስጠፍር ሦስት ዓመት ከቆየሁ በኋላ ለዳኝነት ታጨሁ። በእኛ ጊዜ ሥልጠና የሚባለው ጥቂት ሳምንት ነበር፤ የቀረውን ጋሽ ጥላዬ አስተማሩኝ። ጋሽ ጥላዬ የፍርድ ቤቱ ነባር ዳኛ ነበሩ። አጭር፣ ጠይም፣ ቁጡ ሰው፤ ሲቆጡ ግን ድምፃቸው ዝቅ ይላል እንጂ ከፍ አይልም። ጠዋት ጠዋት ቢሮ ሳይገቡ ግቢውን ይዞሩታል። ባለጉዳዩን ሁሉ፣ ከሳሹንም ተከሳሹንም፣ «እንዴት አደራችሁ? ዝናብ ጣለላችሁ?» እያሉ ያልፋሉ። ሲገቡ ከበር ላይ ካለው ጀሪካን እጃቸውን ይታጠባሉ። መዝገብ የሚከፍቱት ሰውየውን ደህና አድርገው ካዩት በኋላ ነው። «መጀመሪያ መዝገቡን ካየህ ሰውየውን በመዝገቡ ውስጥ ነው የምታየው» ይሉኝ ነበር። የመጀመሪያውን ረቂቅ በእርሳስ ይጽፋሉ፤ ብዕር የሚያነሱት ከምሳ በኋላ ነው።

ከሁሉ የማረከኝ ግን ሠላሳ አምስት ሲቀበሉ ነበር። ሕግ ላልተማረ አንባቢ ልንገረው። ተጠርጥሮ የተያዘ ሰው ወንጀሉን ፈጽሜያለሁ ብሎ ማመን ሲፈልግ ፖሊስ ወደ ወረዳ ዳኛ ያቀርበዋል። ዳኛው፣ ሰውየው በገዛ ፈቃዱ የሚናገር መሆኑን ጠይቆ ካረጋገጠ በኋላ ቃሉን ይጽፋል፣ አንብቦለት ያስፈርመዋል። በአንቀጹ ቁጥር እኛ «ሠላሳ አምስት» እንለዋለን። ያ አንድ ገጽ ወረቀት በኋላ የሰው ዕድሜ ይቆርጣል።

ጋሽ ጥላዬ በመጀመሪያ ፖሊሱን ከግቢ ያስወጡታል፤ ከበር ሳይሆን ከግቢ። ከዚያ ለተያዘው ሰው ወንበር ሰጥተው ስለ ወንጀሉ ሳይሆን ስለ ሌላ ይጠይቁታል። «ከማን ጋር መጣህ? ስንቅ የሚያመላልስልህ ማነው? ማታ እንቅልፍ ወሰደህ?» ቀጥሎ ታሪኩን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ያስነግሩታል። ሮጠህ የት ገባህ? ከመሮጥህ በፊትስ? ከዚያስ በፊት? የሆነበትን የሚያወራ ሰው ወደ ኋላም ይሄዳል፤ ያጠናውን የሚያወራ ግን መሐል ላይ ይደናቀፋል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላም አይጽፉም። «ይደር» ይላሉ። ሰውየው በማግስቱ ይመለሳል፤ ያን ጊዜም ቃሉ ያው ከሆነ ብቻ ይጻፋል። «እውነት ያድራል። ውሸት ካደረ ይሻግታል» ነበር የሚሉት።

አንድ ጊዜ ግመል ሰርቄያለሁ ብሎ ያመነ ሰው መጣ። ፖሊሱ ተቻኩሏል፣ ሰውየውም ተቻኩሏል። ጋሽ ጥላዬ «ይደር» አሉ፤ ማደሪያውንም ሌላ ጣቢያ አደረጉት። በማግስቱ ሰውየው ገብቶ አንድ ቃል ሳይናገር ሸሚዙን አወለቀና ጀርባውን አዞረልን። ያየሁትን አልጽፈውም። ግመሉን የወሰደው ሌላ ሰው መሆኑም ወዲያው ታወቀ። ያን ቀን ሰውየው ከሄደ በኋላ ጋሽ ጥላዬ እጃቸውን ሁለተኛ ጊዜ ታጠቡ። እኔም እንደ እሳቸው ያለ ዳኛ እሆናለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ከማጀቴ ወደ ካራቆሬ፣ ከካራቆሬ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወርኩ። ደመወዙን አላወራም፤ የሚያወራለት አልነበረም። ካሠሩኝ አለቆች አንዱ ሰነፍ፣ አንዱ ደግ ነበሩ። ሦስተኛው ሰው ከማየት መዝገብ መቁጠር የሚወድ ነበር፤ በወሩ መጨረሻ «ስንት ዘጋህ?» እንጂ «እንዴት ፈረድክ?» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም ቀስ በቀስ የሱን ቋንቋ ለመድኩ። ወንዙ ሲጎድል አሸዋው እንደሚወጣ ሁሉ እኔም በጊዜ ብዛት ምን እንደሆንኩ ታየ። «ይደር» የሚለውን ልማድ አልተውኩትም ብዬ አስብ ነበር። ያሳደርኩት ግን ጊዜ ሲተርፈኝ ብቻ ነበር።

ከዚያ ተቆጣጣሪ ዳኛ አደረጉኝ። ዛሬ ሕግ ተምሮ ዲግሪ የያዘ ልጅ በማግስቱ ወንበር ላይ አይወጣም። ፈተና አልፎ ሥልጠና ይገባል፤ ክፍል ውስጥ ከተማረ በኋላም ለወራት ወደ ወረዳ ተልኮ ከአንድ ነባር ዳኛ ጎን ይቀመጣል። ያ ነባር ዳኛ ሠልጣኙ ቀን በቀን የሚጽፈውን ማስታወሻ ያነባል፣ በመጨረሻም የምዘና ቅጽ ሞልቶ ይልካል። ልጆቹ ወንበር ላይ ሲወጡ እኔ የወለድኳቸው ያህል ደስ ይለኝ ነበር። ሁሉም የጋሽ ጥላዬን ዘዴ ከአፌ ሰምተዋል። እያጋነንኩ፣ እያስመሰልኩ አወራላቸዋለሁ፤ እነሱም ይስቃሉ፣ ይጽፋሉ።

ወይንሸት ከመጡልኝ ሠልጣኞች አንዷ ነበረች። የቀወት ገበሬ ልጅ ናት፤ አባቷ ማሾ በአህያ ጭነው ገበያ የሚወጡ ሰው ነበሩ። ብዙ አታወራም። ሌሎቹ ከምሳ በኋላ ስልካቸው ላይ ሲያፈጡ እሷ ግቢ ውስጥ ከባለጉዳይ ጋር ትቀመጣለች። ፊደሏ ደቃቅ ስለሆነ ማስታወሻዋን ለማንበብ መነጽሬን መወልወል ነበረብኝ። ከነበሩት ሁሉ ጎበዟ እሷ ነበረች፤ ይህን ያን ጊዜም አውቀው ነበር።

ከእሷ ጋር የተጋጨንበት ቀን ነገር እንዲህ ነው። በአንድ የመስኖ ሰፈር በውሃ ተራ ጠብ አንድ ገበሬ በዶማ ተመትቶ ሞተ። በሦስተኛው ቀን ኑርዬ የሚባል ያላገባ ወጣት «የገደልኩት እኔ ነኝ» ብሎ እጁን ሰጠ። ሟች የኑርዬን ታላቅ ወንድም የሙሔን ውሃ ደጋግሞ ይጠልፍ እንደነበር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሙሔ ባለትዳር፣ የልጆች አባት ነው። ታናሹ ለታላቁ ተቆጥቶ መታ ቢባል ማን ይጠራጠራል? በእኛ አገር ገድሎ የሚክድ ሰው ይናቃል፤ ወጥቶ ያመነ ግን ጠላቱም ያከብረዋል። እኔም የዚሁ አገር ሰው ነኝ። ልጁ ፈጥኖ ማመኑን ለወንድነቱ ሰጠሁት።

በዚያ ጠዋት ከዞን እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ ቢሮው ሲጠረግ ነበር። የፖሊስ መኪናዋም አንድ ናት፤ መርማሪው «ጌታዬ፣ ቶሎ ቢለቁን» ይላል። ኑርዬን ከመኪናው ሲያወርዱት ወይንሸት መስኮቱ ጋ ቆማ ነበር። ወደኔ ዞር ብላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«ጋሼ፣ ይሄኛው ይደር» አለችኝ።

«ምን ሆነና?»

«ሲወርድ የወንድሙ ሚስት እግሩ ላይ ወድቃ ስማዋለች። ሁለቱንም እግሩን።»

«ሊታሰር ነው። አልቅሳ ነዋ!»

«ማልቀስማ አላለቀሰችም። ለሚታሰር ሰው ይለቀሳል፣ አንገቱ ይታቀፋል። እኛ ጋ እግር የሚሳመው ሲለምኑ ነው፣ ወይ ሲያመሰግኑ። ምን አድርጎላት ነው የምታመሰግነው?»

እውነቷን ነበር፤ እኔም እዚያው ቆላ ውስጥ ያረጀሁ ሰው ነኝና የእግር መሳምን ትርጉም በማወቅ ከሷ አላንስም። ነገር ግን መርማሪው በር ላይ ቆሞ ይሰማል፣ ሌሎቹ ሠልጣኞችም ያያሉ። ገና ወንበር ያልነካች ልጅ የራሴን ዘዴ መልሳ ስታስተምረኝ ተሰማኝና ደሜ ፈላ። «ተቀመጪና ሠላሳ አምስት እንዴት እንደሚጻፍ ተመልከቺ» አልኳት። ፖሊሱን ከበር አስወጣሁ፤ ከግቢ አላስወጣሁትም። ኑርዬን «ያስገደደህ አለ?» አልኩት። «የለም፣ ማንም» አለ። «ተቀመጥ፣ ጀምር» አልኩት።

በዕድሜ ዘመኔ እንደዚያ ያለ ቃል ጽፌ አላውቅም። ልጁ አንድ ቦታ አልቆመም፣ አልደገመም። ከየት እንደተነሳ፣ ውሃው የት እንደተጠለፈ፣ ዶማውን በየትኛው እጁ እንደያዘ፣ ሟች ምን ብሎ እንደሰደበው፣ ስንት ጊዜ እንደመታው፣ ዶማውን የት እንደጣለው፣ ሁሉን በተራ ነገረኝ። ጻፍኩ፣ አነበብኩለት፣ ፈረመ። ወደ ኋላ ንገረኝ አላልኩትም። ስንቅ ማን ያመጣልሃል አላልኩትም። እንግዶቹ ሳይደርሱ ጨረስኩና ወደ ወይንሸት ዞሬ «አየሽ?» አልኳት። ማስታወሻዋን ከፍታ መጻፍ ጀመረች።

በሳምንቱ መጨረሻ ማስታወሻዋን ሳነብ የዚያን ቀን ገጽ አገኘሁት። አጭር ነው። የሴትየዋን እግር መሳም ጽፋለች፣ የእምነት ቃሉ በዚያው ጠዋት መወሰዱን ጽፋለች፣ ፖሊሱ መስኮቱ ሥር እንደነበረ ጽፋለች። ከሥሩ «ተጠርጣሪው የሚናገረው የራሱን ይሁን የሌላ ሰው አልተጣራም» ይላል። ማስታወሻው የሚሄደው ወደ ማሠልጠኛው ነው። አስጠራኋት።

«ይህን ገጽ ሰርዢው።»

«ያየሁትን ነው የጻፍኩት፣ ጋሼ።»

«ያየሽውን ማን ጠየቀሽ? የተማርሽውን ነው የምትጽፊው!»

«ያየሁትን ካልጻፍኩ ምን ልማር መጣሁ?»

ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። እሱ ነው ያናደደኝ። የምዘናውን ቅጽ ስሞላ በሕግ ዕውቀት ጥሩ ሰጠኋት፤ የሥነ ምግባሩ ሣጥን ላይ ግን «ለዳኝነት የሚያስፈልገው እርጋታና ለነባር ዳኞች የሚገባው አክብሮት ይጎድላታል» ብዬ ጻፍኩ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ስጽፋት እጄ አልከበደኝም። ዕጩ ዳኛን ለመጣል ከዚያ በላይ እንደማያስፈልግ አውቅ ነበር፤ እንዳሰብኩትም ስሟ ካለፉት ዝርዝር ላይ አልወጣም።

ኑርዬን ከፍተኛው ፍርድ ቤት በእኔ ወረቀት ፈረደበት። ረዥም እስራት ነው። ሽማግሌዎችም ገብተው ሁለቱን ቤተሰቦች አስታረቁ፤ ቁርዓን ተይዞ ተማለ፣ ደሙ ደረቀ ተባለ። እኔም መዝገቡን ረሳሁት። ዓመታት አለፉ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። ከከተማው ወጣ ብሎ ወንዙ ዳር ትንሽ መሬት ተኮናትሬ ማሾ ዘራሁ፤ ጠዋት በባጃጅ እሄዳለሁ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ እመለሳለሁ። ከጎኔ ያለውን ማሳ የሚያርሰው ሳል ያለበት፣ ፀጉሩ ያለጊዜው የሸበተ ሰው ነበር። የውሃ ተራው ሲደርስ «አንቱ ይቅደሙ» ይለኛል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ብቻ ነበረን። አንድ ቀን ጎንበስ ብለን ስናርም ቀና ሳይል፣

«ጋሼ፣ አንቱ አላወቁኝም» አለኝ።

«ይቅርታ፣ ዓይኔም ደክሟል። ማን ልበል?»

«ሠላሳ አምስት የሰጠሁዎት ነኝ። ኑርዬ።»

በአመክሮ ወጥቶ ነበር። «እንኳን ለዚህ አበቃህ» አልኩት። «አልሐምዱሊላህ» አለና አረሙን ቀጠለ። አንድ መስመር እንደጨረሰ፣

«ወላሂ እኔ አልነካሁትም» አለ። «ያን ለት ማጀቴ ገበያ ነበርኩ። ብመለስ ሙሔ ደጅ ላይ ቁጭ ብሏል። እናቴ ‹የሱ ልጆች ብዙ ናቸው፣ አንተ ምን አለህ› አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ እጮኛ ብቻ ነበር ያለኝ።»

ቁጭ አልኩ፤ እዚያው ጭቃው ላይ። «ለምን ዛሬ ትነግረኛለህ?» አልኩት።

«ሙሔ ሞተ። እናቴም ሞተች። ለአንድ ሰው ሳልናገር መሞት ከበደኝ። አንቱ ደሞ ዳኛ ነዎት፤ ምስጢር ይይዛሉ ብዬ ነው።»

«ያን ጊዜስ? ያን ጊዜ ለምን አልነገርከኝም?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። «ሁለት ቀን ሙሉ ሙሔ ሲያስጠናኝ ነበር» አለ። «በቃሌ ያዝኩት እንጂ ሆዴ እንቢ ብሎኝ ነበር። አንቱ ቢሮ ስገባ ‹ሂድና ነገ ና› ቢሉኝ ኖሮ ወላሂ አልችለውም ነበር። አንቱ ግን ‹ተቀመጥ፣ ጀምር› አሉ። ጀመርኩ።»

እጮኛው ሌላ አግብታለች። አሁን የሚኖረው በሙሔ ግቢ ነው፤ የሙሔን ልጆች ያሳድጋል፣ ልጅ የለውም። የሙሔ ትልቋ ልጅ በዕርቁ ጊዜ ለሟች ልጅ ተድራ ወልዳለች። «ደሙን ያደረቀችው እሷ ናት» አለኝ። «ገዳዩ ሙሔ ነው ቢባል መሐላው ውሸት ሆነ ማለት ነው። ደሙ እንደገና ይነሳል። የሙሔ ወንድ ልጅ ደግሞ ዘንድሮ ጎርምሷል፤ በማን እንደሚያርፍ አንቱም ያውቃሉ። ስለዚህ እዚሁ ማሳው ላይ ይቅር፣ ጋሼ።» እሺ አልኩት። ምን ልል እችላለሁ? በባጃጅ ስመለስ ሹፌሩ «አባት፣ አሞዎታል?» እስኪለኝ አለቀስኩ።

ስለ ኑርዬ ምንም ማድረግ እንደማልችል ገባኝ። ስለ ወይንሸት ግን እችላለሁ ብዬ አሰብኩ። ሦስት ቀን ተቀምጬ ለማሠልጠኛው ደብዳቤ ጻፍኩ። ልጅቷን የጣልኳት በቂም እንደሆነ፣ በማስታወሻዋ የጻፈችው ትክክል እንደነበረ፣ በዚያ ቀን የተቀበልኩት የእምነት ቃልም ሐሰት እንደነበረ ዘርዝሬ ፈረምኩበት። የሰው ስም አልጻፍኩም፤ ቀኑንና መዝገቡን ግን ጠቀስኩ፤ አለዚያ ማን ያምነኛል?

ወይንሸት ያለችው እዚሁ ሸዋ ሮቢት ነው። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ከፎቶ ኮፒ ቤት ጎን ባለች አንዲት ክፍል ማመልከቻና ውል ትጽፋለች፤ የጥብቅና ፈቃድ ያገኘችው ዘግይታ ነው። ለዓመታት በዚያ መንገድ ሳልፍ ወደ ማዶ ተሻግሬ ነበር የማልፈው። ገብቼ ስቆም ተነሳችልኝ፤ ወንበሯንም ለቀቀችልኝ። «አክብሮት ይጎድላታል» ብዬ የጻፍኩባት ልጅ!

ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ጋሼ፣ ኑርዬ መቼ ነገረዎት?»

ደነገጥኩ። «ታውቂያለሽ?»

«የወንድሙ ሚስት ነግራኛለች፤ ገና እሱ በታሰረ በሁለተኛው ዓመት። የአመክሮ ማመልከቻውን ማን የጻፈለት ይመስልዎታል? የይቅርታውንም እኔ ነኝ የጻፍኩት። ‹በፈጸምኩት ወንጀል ከልብ ተጸጽቼ› ካላለ አይታይለትም። ስለዚህ በየዓመቱ ተጸጽቼ እያልኩ ጻፍኩ። እንዳልገደለ እያወቅኩ።»

«ያኔ ለምን አልጮህሽም?»

«ማን ሆኜ? ከሥልጠና የተጣልኩ ልጅ ነበርኩ። ኋላ ደግሞ ዕርቁ ሆነ። ከዚያ በኋላማ መጮህ ሰው መግደል ነው።» ደብዳቤውን ወደ እኔ ገፋችው። «ይህን ያኔ ቢጽፉት ኖሮ እኔም ዳኛ እሆን ነበር፣ እሱም ቤቱ ይገባ ነበር። አሁን ግን መዝገቡን ጠቅሰዋል። አንድ ሰው ፈልጎ ቢከፍተው ምን እንደሚሆን ያውቁታል። እኔ ዳኛ መሆን እፈልግ ነበር፤ በጣም ነበር የምፈልገው። ግን በዚህ አልፈልገውም።»

ደብዳቤውን ራሴ ለኮስኩት፤ እዚያው በሯ ላይ፣ ከአንድ ወጣት ክብሪት ተውሼ። ሲያልቅ «እንግዲያስ ምን ላድርግልሽ?» አልኳት። ይቅር በይኝ ማለት አፈርኩ።

«አንድ ነገር አለ» አለች። «ያንን የእምነት ቃል አሁንም ለሠልጣኞች እንደ ናሙና ያድሉታል። ልምምድ የወጡ ልጆች እዚህ ጎኔ ኮፒ ሊያስደርጉ ሲመጡ አየዋለሁ። እሱን ያስቁሙልኝ።»

እስካሁን አፍሬ የዘለልኩት ይህ ነው። ያንን ቃል ናሙና ያደረግኩት እኔ ነኝ። ስሞቹን አጥፍቼ፣ አባዝቼ፣ ከእኔ በኋላ ለመጡት ሠልጣኞች ሁሉ «ሠላሳ አምስት እንዲህ ነው የሚጻፍ» እያልኩ ሰጥቻቸዋለሁ። እነሱም ተሹመው በየወረዳቸው ሲሄዱ ይዘውት ሄደዋል።

በማግስቱ ወደ ድሮው ፍርድ ቤት ሄድኩ። በእኔ ቦታ የተተካው ተቆጣጣሪ ዳኛ እኔው ያሠለጠንኩት ልጅ ነው፤ ሳመኝ፣ ወንበር ሰጠኝ፣ ለሠልጣኞቹም «ስማቸውን የምትሰሙት እሳቸው ናቸው» ብሎ አስተዋወቀኝ። አራት ነበሩ፤ ሦስት ሴቶችና አንድ ወንድ። ናሙናው ፊታቸው ላይ ተዘርግቷል። ወረቀቱን ተዉት፣ ለማስተማሪያ አይሆንም አልኩ።

«ለምን ጋሼ? ከዚህ የተሻለ የለንም እኮ» አለ ዳኛው። «ጉድለቱ የቱ ጋ ነው? ያሳዩንና እናርመው።»

መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። ጥያቄው አለ፣ ፈቃደኝነቱ አለ፣ ተራው የተጠበቀ ነው፣ ፊርማው ቦታው ላይ ነው። የቱንም መስመር ጠቁሜ ይህ ውሸት ነው ማለት አልችልም፤ ብል ደግሞ የማን እንደሆነ ይጠይቁኛል። «አርጅቷል፤ ሌላ ጻፉ» ብቻ አልኩ። ዳኛው በአክብሮት ፈገግ አለ፤ ወረቀቱ ግን ከጠረጴዛው አልተነሳም።

ልወጣ ስነሳ ከሠልጣኞቹ አንዷ ብዕሯን ይዛ ብድግ አለችልኝ።

«ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ቃል መጻፍ ለመቻል ስንት ዓመት ፈጀብዎት?»

«አንድ ጠዋት» አልኳት።

የቀለድኩ መስሏቸው ሳቁ፤ እሷም ተቀምጣ መገልበጧን ቀጠለች።